ሕመማችን የእኛ ብቻ ነውን?

አንድ ሰው ሕመሙን ቢሰውር ማንንም በደለ አንለውም፤ ገመናው የራሱ ነውና። ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን ግን ይህ ፍርዳችን ይጸናልን? ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ይህን ጥያቄ በፊታችን ያቀርባል።

ግላኮማ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል። እጅግ የተለመደው ዓይነቱ አያሳምምም፤ አስቀድሞ የሚጠፋውም የዳር እይታ ስለ ሆነ ሕመምተኛው ሳያውቀው ብዙ ያጣል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን የዓይንን ግፊት በሚቀንስ ጠብታ፣ በሌዘር ወይም በቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ ማትረፍ ይቻላል።

የዘር ድርሻስ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ1997 ዛሬ ማዮሲሊን የሚባለው ጂን ከግላኮማ ጋር ያለው ግንኙነት ታወቀ። ወላጅ የዚህን ጂን ጉድለት ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ይሁን እንጂ ከሕመምተኞች መካከል ይህ ጉድለት የሚገኝባቸው ጥቂቶች ናቸው፤ በብዙዎቹ ላይ በርካታ ጂኖች ከዕድሜ ጋር ተባብረው ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የሮተርዳም ከተማ ጥናት፣ የሕመምተኞች ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆች በዕድሜያቸው በበሽታው የመያዝ ዕድላቸውን 22 በመቶ ገደማ ሲገምት፣ የሌሎቹን ከ3 በመቶ በታች አድርጎታል።

እንግዲህ ታላቅ ወንድም ግላኮማ እንዳለበት ተነገረው እንበል። ታናሽ እኅቱ ለጋብቻ ታጭታለች። «ብናገር ዘራችን ይነቀፋል፤ የእርሷም ሰላም ይደፈርሳል» ብሎ ዝም ይላል። ዝምታው ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ዝምታ የወረሰችውን አያስቀርላትም፤ የሚወስድባት መታከሚያ ጊዜዋን ብቻ ነው። ከሰላሟ ይልቅ ብርሃኗ ይበልጣልና፣ ሊነግራት ይገባዋል እንላለን።

ሆኖም ዕዳው ለእኅቱ እንጂ ለመንደሩ አይደለም። ለእርሷም የሚነግራት ፍርድ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከመቶ 22 ማለት አብዛኞቹ አይታመሙም ማለት ነውና። መመርመሩም ያለ መመርመሩም የእርሷ ፈንታ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሳችንን እንጠይቅ። ያ ወንድም የፈራው በሽታውን ሳይሆን የእኛን አንደበት ነው። ማንም ያልመረጠውን ውርስ ነውር አድርገን የምንቆጥር ከሆነ፣ ለዝምታው ተጠያቂዎች እኛም ነን። ስለዚህ እርሱ እውነቱን እንዲናገር ከመጠየቃችን በፊት፣ እኛ ሳንነቅፍ መስማትን እንማር።