ያልታየ ትወና የማን ነው?

ስለ ፊልም ጨዋታ በተነሣ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም፤ አንዲት ወጣት ተዋናይት ሁሉ በሚያውቀው ሥራዋ ስትወደስ ሰምቶ «እሱማ ምኑ ተነካ፤ ችሎታዋ የወጣበትን አላያችሁላትም» የሚል። በአርሲዋ ሲሬ ሻይ ቤትም፣ በአሰላም፣ በአዲስ አበባ ታክሲም ይህ ክርክር አለ። ሰውየው የሚናገረው ስለ ምርጫው ብቻ አይደለም። «እኔ ወድጄዋለሁ» ቢል ኖሮ ነገሩ በዚያው ባበቃ። «አላያችሁላትም» ሲል ግን ሰሚውን ባለዕዳ አደረገው። ለመሆኑ ማንም ልብ ያላለው ትወና ምን ጎደለው? ተመልካችስ ለተዋናይ በውኑ የማየት ዕዳ አለበት?

ዴንማርካዊው ካርል ድራየር የዣን ዳርክን የፍርድ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1928 ፊልም ሲያደርገው ወጣቷን ተከሳሽ ሆና የተጫወተችው ረኔ ፋልኮኔቲ ነበረች። የፊልሙ ኔጋቲቭ በዚያው ዓመት በርሊን ውስጥ ተቃጠለ፤ ሰው ለአሥርት ዓመታት ሲያይ የኖረው ከተረፈው ቀረጻ የተገጣጠመ ቅጂ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ቅጂ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1981፣ ኦስሎ አጠገብ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ነው። ፋልኮኔቲ እ.ኤ.አ. በ1946 ሞታለች። ያ ፊልም በሆስፒታል ዕቃ ቤት ተዘግቶ በቆየበት ዘመን ትወናው አልነበረም ብሎ መከራከር አይቻልም። የተዋናይቷ ሥራ ተሠርቶ አልቋል፤ ያልተሠራው የተመልካቹ ድርሻ ነው።

ፊልም የሆነ የወጣት ተከሳሽ ታሪክ ለአርሲ ሰው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996፣ በዚሁ ደጋ በቀርሳ፣ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ጠላፊዋን በገዛ መሣሪያው ተኩሳ ገደለች፤ በሰው መግደል ተከሰሰች፤ ጉዳይዋን የያዘው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር፤ በመጨረሻም ራሷን በመከላከል ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ የሠራው «ድፍረት» በጥር 2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ፣ በየካቲት ደግሞ በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። ልጅቷን ሂሩት ሆና የተጫወተችው ትዝታ ሀገሬ ናት፤ ከዚያ በፊት በፊልም የማትታወቅ ወጣት።

ሽልማቱ ከተመልካች ነው፤ ታዲያ «አልታየላትም» ማለት እንዴት ይቻላል? ይቻላል። ስለ ፊልሙ ሲወራ በቅድሚያ የሚነሣው ስም የአንጀሊና ጆሊ ነበር፤ በዋና ፕሮዲዩሰርነት ስሟን አስገባች እንጂ በአንድም ትዕይንት የለችበትም። ቀጥሎ የሚነሣው ጉዳዩ ነው፦ ጠለፋ፣ ሕግ፣ የሴቶች መብት። ቀጥሎ የአበራሽ ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ፤ እሷን የተጫወተችው ሜሮን ጌትነትም አገሩ በ«ዳና» ድራማ የሚያውቃት ናት። የሂሩት ፊት ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ተሸክሞ፣ ሰው ግን በእሱ አሻግሮ ጉዳዩን ያያል፤ ልክ በመስኮት ውጭውን የሚያይ ሰው መስታወቱን እንደማያየው። ጉዳዩ ትልቅ በሆነ መጠን ተዋናይቷ ይበልጥ ትሰወራለች።

የአርሲ ተመልካች ደግሞ ሌላው ላያስተውለው የሚችለውን ነገር ያስተውላል። ፊልሙ የሚናገረው አማርኛ ነው፤ የአርሲ ገጠር በአብዛኛው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ ሂሩት ከምትናገርበት ይልቅ ዝም የምትልበት ለዚህ ተመልካች ይቀርበዋል። የትዝታ ሀገሬ ትልቁ ሥራም እዚያ ነው፦ ጥያቄ ሲቀርብላት ከመመለሷ በፊት ባለው ጊዜ፣ ትከሻዋን በምትሰበስብበት፣ ሰው ሲጠጋት ዐይኗ ወዴት እንደሚሄድ። ይህን ለማየት ፊልሙን ድጋሚ መክፈት ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ጊዜ ታሪኩ ፋታ አይሰጥም።

ያልሠለጠነች ወጣት ተዋናይት ላይ የሚወርድ አንድ ሙገሳ አለ፤ «ተፈጥሮዋ ነው፣ ትወና አይመስልም» የሚባለው። ቅን ሙገሳ ነው፤ ነገር ግን ሥራዋን ይነጥቃታል። ፈረንሳዊው ዲድሮ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የተዋናይ መጣጥፉ ተመልካችን የሚያስለቅሰው ራሱ የሚያለቅሰው ተዋናይ አይደለም፣ ልቡን አቀዝቅዞ እያሰበ የሚሠራው ነው ሲል ተከራክሯል። ዲድሮ ገፋ አድርጎታል፤ ስሜት ጨርሶ የሌለበት ትወና መኖሩ ያጠራጥራል። ሆኖም አንድ ነገር አስጨብጧል፦ ትዕይንት ይደገማል፣ ካሜራ ቦታ ይቀይራል፣ ያው ፍርሃት በልኩ እንደገና መምጣት አለበት። ይህ ተፈጥሮ ብቻ አይሆንም።

አሰላም የራሷ ምሳሌ አላት። እ.ኤ.አ. በ1999 ለእይታ የበቃው የሌስሊ ዉድሄድ «ኢንዱራንስ» የአሰላውን ሯጭ የኃይሌ ገብረሥላሴን ልጅነት የሚተርክ ፊልም ነው። ኃይሌ ራሱን ይጫወታል፤ ልጅነቱን ከቤተሰቡ የሆነ ልጅ ይጫወተዋል፤ በልጅነቱ የሞተችበትን እናቱን የምትጫወተው ግን የገዛ እህቱ ናት። እናቷን ሆና በካሜራ ፊት መቆም! ዓለም ያየው ሯጩን ነው፤ ፊልሙም የተሠራው ለእሱ ነውና አያስወቅስም። ያቺ ሴት የሠራችውን ግን «ቤተሰብ ስለሆነች ነው» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። ሐዘንን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሐዘኑን ለማያውቅ ሰው እንዲታይ አድርጎ ማቅረብ ሌላ።

በያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ውስጥ ጽዮንን የተጫወተችው ቅድስት ስዩምም እንዲሁ ናት። ፊልሙ በግንቦት 2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል ሲቀርብ የሰው ልብ ከልጁና ከበጉ ጋር ሄደ፤ ትዳርን ትታ ጋዜጣ የምታነበው ልጅ በዳር ቀረች። ያቺን ዳር የሚያነሣላት አድናቂ ትክክል ነው።

ወደ ቀርሳ ስንመለስ ግን ነገሩ ይከብዳል። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ «ድፍረት» በአዲስ አበባ ሊመረቅ ታዳሚው ተቀምጦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ክሱን ያቀረበችው አበራሽ በቀለ ናት፤ ታሪኳ ያለ ፈቃዷ መወሰዱን በመቃወም። እዚህ ላይ ሁለት ያልታዩ ሴቶች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዷ የተጫወተችው፣ ሌላዋ የኖረችው። ትዝታ ሀገሬ በደንብ በተጫወተች ቁጥር የሂሩት ፊት የአበራሽን ፊት ይተካል፤ ሰው የሚያስታውሰውም የፊልሙን ልጅ ይሆናል። እንግዲህ ለተዋናይቷ የሚከራከር አድናቂ ሳያውቅ ሌላዋን እየጋረደ ነው ወይ?

መልሱ በአከራከሩ ላይ ይመሠረታል። «ተጫወተች አይባልም፤ ሂሩትን ራሷን ነው የሆነችው» ካለ ሁለቱንም አጠፋቸው፤ አንዷ ሥራዋን፣ ሌላዋ ሕይወቷን ታጣለች። «ይህ የትዝታ ሥራ ነው፤ እዚህ ጋ እንዲህ አድርጋ ሠራችው» ካለ ግን ትወናው ትወና ሆኖ ይቆማል፣ ከጀርባው የሌላ ሰው እውነተኛ ዕድሜ እንዳለም ይታወቃል። የትወናን ጥበብ አብጠርጥሮ ማየት የቅንጦት የሚመስላቸው አሉ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ያለ እሱ ለአበራሽም ቦታ አይገኝም።

ሕጉ ከአበራሽ ጠለፋ ወዲህ ተለውጧል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊው ልጅቷን ማግባቱ ከቅጣት እንደማያድነው ደንግጓል። መዓዛ አሸናፊም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ በእውነተኛ ስሟ መዓዛ ተብላ ትጠራለች፤ ተከሳሿ ግን ስሟ ተቀይሮ ሂሩት ተብላለች። ስለ ትዝታ ሀገሬ ችሎታ የሚከራከር የሲሬ ወጣት ይህንንም ልዩነት ማንሣት አለበት፤ አበራሽን ፍርድ ቤት ካደረሳት ቅሬታ ጋር የሚገናኘው እዚያ ላይ ነው።