ቂመኛው ማሽን

የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ አንድ የሃይድሮሊክ ኢንጀክሽን ማሽን ነበር። ወጣቱ ቴክኒሻን የቀለጠውን ፕላስቲክ ወደ ሞልዱ የሚገፋው ስክሩ በሰከንድ 80 ሚሊሜትር እንዲሄድ፣ ሞልዱ ሊሞላ ሲል ግን ወደ 20 እንዲወርድ አዘዘ። ሴንሰሩ ፍጥነቱን ይለካል፤ ኮንትሮለሩም የታዘዘውን ከተለካው እያስተያየ ስክሩን የሚገፋው ዘይት የሚያልፍበትን ቫልቭ ከፈት ዘጋ ያደርጋል።

ጠዋት ዘይቱ ገና ቀዝቃዛና ወፍራም ሳለ ሥራ ተጀመረ። ስክሩ ከ65 አላልፍ አለ። ወጣቱ ኮንትሮለሩ የሰነፈ መሰለውና የጎደለውን እየደመረ ትእዛዙን የሚያከብደውን «አይ» የተባለውን ቁጥር ከፍ አደረገው። ፍጥነቱ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ጨመረ። አሁንም 65! ይባስ ብሎ ሳፋዎቹ በሞልዱ መጋጠሚያ በኩል ስስ ትርፍ ፕላስቲክ እያወጡ መምጣት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ይኼ ማሽን አብዷል» አለ አንጋፋውን መካኒክ ጠርቶ። «ፍጠን ስለው አይፈጥንም፣ ቀስ በል ስለው አይሰማም።»

አንጋፋው የፍጥነቱን ስክሪን ትቶ የግፊት ጌጁን አየ። መርፌው 100 ባር ላይ ቆሟል፤ 100 ደግሞ ወጣቱ ራሱ ያስቀመጠው ጣሪያ ነው።

«አላበደም ልጄ፣ ቂም ይዞ ነው። 80 ሂድ አልከው፣ የሚሄድበትን ግፊት ግን ከለከልከው። ቫልቩ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፤ ከዚያ ወዲያ ምን ያድርግ? የጎደለችውን 15 ግን በየቅጽበቱ እየደመረ ይይዝብሃል። ወደ 20 ውረድ ስትለው ያ የተጠራቀመው ገና ስላላለቀ ቫልቩን በጊዜ አይዘጋም። ትርፉ ፕላስቲክ የሚወጣው ለዚህ ነው።»

ዘይቱ 45 ዲግሪ እስኪደርስ ጠበቁ። ሞልዱም ማሽኑም እንደሚችሉት አረጋግጠው ጣሪያውን 140 አደረጉት። «አይ»ን ወደ ቀድሞው መለሱ፤ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈትም ድምሩ እንዲቆም አዘዙ። ስክሩ 80 ገባ፤ መርፌው 120 ላይ ቆመ፣ ከጣሪያው በታች 20 ባር ተርፎ። ሲታዘዝም ሳያንገራግር ወደ 20 ወረደ። ሳፋው ጠርዙ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ሥራ ሲጓተት ብዙ አለቃ የሚቀናው ትእዛዝ ማክበድ ነው። መሣሪያው፣ በጀቱ ወይም ሥልጣኑ ያልተሰጠውን ሰው ጉድለት በየቀኑ እየመዘገበ ያቆያል፤ መንገዱ የተከፈተ ዕለትም ያንን ሁሉ በአንዴ ሊያስከፍል ይነሣል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው፣ በዚያ ልብ ሥራ አይቃናም። ጉድለትን መደመር በራሱ ክፉ አይደለም፤ ያለ እሱ ትንሿ ስሕተት ሳትታረም ትኖራለች። ነገር ግን ሰው ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ሳለ የጎደለው የእሱ ዕዳ አይደለም፤ ጣሪያውን ያስቀመጠው ሰው ዕዳ ነው።