የዒድ ማግስት ሱብሒ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በረመዳን ወር በአዲስ አበባ መስጊዶች ለሱብሒ ጥቂት የዘገየ ሰው ጫማውን የሚያኖርበት ቦታ አያገኝም። በተራዊሕ ሰዓት አንዋር መስጊድ ሞልቶ ሰጋጁ ወደ ውጭ ሲሰለፍ እናያለን። የዒድ ዕለት ደግሞ ስታዲየሙ አልበቃ ብሎ ሕዝበ ሙስሊሙ በዙሪያው ባሉ ጎዳናዎች ላይ መስገጃውን ያነጥፋል። ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ። ነገር ግን በዒድ ማግስት ለሱብሒ ወደ ሰፈሩ መስጊድ የሄደ ሰው ስንት ሰፍ ይቆጥራል? እኔ በምሰግድበት መስጊድ አንድ ሰፍ ተኩል ነው። ከነዚያም ውስጥ አብዛኞቹ ከረመዳን በፊትም የነበሩ አባቶች ናቸው።

በዚህ ጉዳይ በየዓመቱ በሸዋል የመጀመሪያው ጁምዓ ኹጥባ ይደረጋል። ሰሚው ይወቀሳል፣ ያፍራል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በሳምንቱም መስጊዱ ያው ነው። ሰው የቀረው ወቀሳ ስላነሰው አይመስለኝም። ኢስቲቃማ ስለሚባለው ጽናት ያለን ግንዛቤ ራሱ የተዛባ ይመስለኛል። ጽናትን ከግለት ጋር አንድ አድርገን ይዘነዋል፤ ግለቱ ሲበርድ ታዲያ ሁሉም ነገር አብሮ ይበርዳል።

ሱፍያን ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) የተባሉ ሰሐባ፣ ከእርሳቸው በኋላ ማንንም ሳይጠይቁ የሚይዙትን አንድ ነገር እንዲነግሯቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ለምነው ነበር። የተሰጣቸው መልስ በአላህ አምነው ከዚያ በኋላ ቀጥ ብለው እንዲጸኑ የሚያዝ እንደነበር ሙስሊም ዘግበዋል። መልሱ አጭር ነው፤ ሱፍያን ግን ይዘው የተመለሱት የዕድሜ ልክ ሥራ ነው።

ይህ ሥራ ምን ዓይነት መልክ እንዳለው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በአንድ ቃል ገልጸውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዒባዳ ለይተው የሚይዟቸው ቀናት ነበሯቸው ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ አለመሆኑን ተናግረው ሥራቸውን «ዲማ» ብለው መጥራታቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ዲማ በዐረብኛ ነጎድጓድና መብረቅ የሌለበት፣ በዝግታ ሳያቋርጥ የሚዘንብ ዝናብ ነው። የአገራችን ሰው ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያሻውም። በድንገት ወርዶ ቦዩን አጥለቅልቆ በግማሽ ሰዓት የሚያልፈውን ዶፍም፣ ሐምሌ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ የሚውለውንም ያውቃል። ዶፉ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ካፊያው ሥር ድረስ ይዘልቃል።

እኛ የምናደንቀው ግን ዶፉን ነው። አንዳንድ ወጣት ወንድሞቻችን ተውበት ባደረጉ ሳምንት ሌሊቱን ይቆማሉ፣ ሰኞና ሐሙስን ይጾማሉ፣ በየሳምንቱ ቁርአን ካላኸተምን ይላሉ፤ አልፈውም የእናት አባታቸውን ሶላት መንቀፍ ይጀምራሉ። ዓመት ሳይሞላ ፈርዱም ከብዷቸው ከሰፉ ሲጠፉ አይተናል። የተነቀፉት እናት ግን አሁንም አምስቱን ወቅት በሰዓቱ እየሰገዱ ነው።

ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ከሚንበር ሲነገር የማልሰማው አንድ ታሪክ አለ። አነስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ሲገቡ በሁለት ምሰሶዎች መካከል የተወጠረ ገመድ ያያሉ። ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ የዘይነብ (ረ.ዐ.) መሆኑንና በሶላት ቆመው ሲደክማቸው እንደሚይዙት ይነገራቸዋል። ገመዱ እንዲፈታ አዘዙ። ሰው ብርታት እስካለው ድረስ እንዲሰግድ፣ ሲደክመው ደግሞ እንዲቀመጥ ነገሯቸው። በዚህ ዘመን አንድ ሰው እንዲህ ያለ ገመድ መስጊድ ውስጥ ቢያስር ፎቶው ተነስቶ በቴሌግራም ይዞር ነበር።

ቁርአን በሱረቱ አን-ነሕል አንቀጽ 92 ላይ ፈትሏን አጠንክራ ከፈተለች በኋላ መልሳ የምትበታትን ሴት ምሳሌ ያቀርባል። አንቀጹ የሚናገረው ቃል ኪዳንን ስለማፍረስ ነው፤ መልካም ሥራ ጀምሮ ለሚተው ሰውም መምህራን ይጠቅሱታል። እናቶቻችን ጥጡን ፈልቅቀው፣ ነድፈው፣ ከእንዝርት ጋር ሲውሉ ያየ ሰው የዚያች ሴት ሥራ ምን ያህል እንደሚያስቆጭ ያውቃል። ሠላሳ ቀን የተፈተለው ፈትል በሸዋል የመጀመሪያው ሳምንት ሲበተን የማይቆጨን ለምንድን ነው?

«ሥራ አላመቸኝም» የሚል መልስ በብዛት እሰማለሁ። እንግዲህ ይህን እንመርምር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ግድም ብቻ ነው። ሱብሒ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ 11 ሰዓት ወዲህና ወዲያ፣ መግሪብም ከ12 ሰዓት ብዙ ሳይርቅ ይገባል። ስቶክሆልም በሚኖር ወንድማችን ላይ በሰኔ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ኢሻን ሰግዶ ጋደም እንዳለ ሱብሒ ይደርስበታል። በታኅሣሥ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ስለምትጠልቅ ዙህር፣ አስርና መግሪብ ተከታትለው በሥራ ሰዓቱ ውስጥ ይገቡበታል። እዚያ ሆነው ሳያጓድሉ የሚሰግዱ አሉ። በእኛ ከተማ ዙህር በምሳ ሰዓት ይሰገዳል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ የምሳ ዕረፍትም ከ5፡30 እስከ 7፡30 በመሆኑ ለጁምዓ ይበቃል።

የሚያስቸግረው አስር ነው። መስገጃ ጥግ በሌለበት መሥሪያ ቤት የሚውል፣ ከዚያም ወጥቶ በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰው ችግሩ እውነተኛ ነው፤ እሱን የሚወቅስ ብዕር የለኝም። ይሁን እንጂ ደፍረን እንነጋገርና፣ ከመሥሪያ ቤት ይልቅ ብዙ አስር የበላው በርጫ ነው። ከምሳ በኋላ የተቀመጠ ሰው ምርቃናው የሚመጣለት የአስር አዛን በሚሰማበት ሰዓት ነው። «ትንሽ ቆይተን» ይባላል፤ መግሪብ ይደርሳል። ጫት ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ክርክር ለዑለማዎች ትቻለሁ፤ ሶላትን ከወቅቱ ማሳለፍ ግን የሚያከራክር ነገር አይደለም። የሚገርመው እዚያው ተቀምጠን ስለ ኡማው ችግር ስንተነትን ማምሸታችን ነው። የመረቀነ ሰው ደግሞ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደውም። ሊነጋጋ ሲል ያሸልበዋል፤ ሱብሒም በዚያው ያልፋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሶላት ወሰደ ማለት ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከኢሻ በፊት መተኛትን፣ ከኢሻ በኋላም ወግ መያዝን ይጠሉ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። የአውሮፓ እግር ኳስ ጨዋታ እስከ እኩለ ሌሊት ለሚያስመሸን ለእኛ የከተማ ሰዎች ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ ትምህርት አላውቅም። ሱብሒ የሚያዘው ወይም የሚጠፋው ማታ ነው። ስልካችን በአዛን ድምፅ ቢጮህም ከተኛን ገና ሦስት ሰዓት ካልሞላን እጃችን ሄዶ ያጠፋዋል።

«ልቤ አልነቃ አለኝ፣ ኹሹዕ የለኝም» የሚሉም አሉ። በዚህ ላይ ሙያዬ የሚያስተምረኝ ነገር አለ። ጋዜጣ ወደ ማተሚያ ቤት የሚገባበት ሰዓት የታወቀ ነው፤ ሐሳብ መጣ አልመጣ ጽሑፉ ይደርሳል። ስሜቱ ሲመጣልኝ እጽፋለሁ የሚል ሰው ዓምድ አይሰጠውም። ደግሞም በግዴታ ከተጀመረው ጽሑፍ መሐል ነው ሐሳቡ የሚመጣው። ሶላት በወቅት የተወሰነ ግዴታ መሆኑን ሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 103 ያስረዳል። ኹሹዕን ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል፤ ውዱእ አድርጎ የቆመ ሰው ግን ደጁ ላይ ነው።

በ2012 በኮሮና ምክንያት መስጊዶች ተዘግተው ረመዳንን በየቤታችን ያሳለፍንበት ጊዜ የሚረሳ አይደለም። ሰፍ የለም፣ የሚያይ ጎረቤት የለም፣ ድምፁ የሚማርክ ቃሪእ የለም። ያን ጊዜ ብዙ አባወራዎች ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ከኋላ አሰልፈው፣ በሚያውቋቸው አጫጭር ሱራዎች ኢማም ሆኑ። ያ የቤት ጀመዓ ከዚያ በኋላ በብዙ ቤት መቅረቱ ያሳዝነኛል። የማታውን ሶላት መስጊድ መድረስ ያልቻለ ሰው ዛሬም ሳሎኑ ውስጥ ሊያቆመው ይችላል፤ ልጆችም ሶላት የረመዳን ነገር ብቻ አለመሆኑን ያዩታል።

ከረመዳን የያዙትን ሁሉ እንዳለ ልቀጥል የሚል ሰው ሁሉንም ሲጥል አያለሁ። ፈርዱ ከነወቅቱ ይጠበቅ፤ ከዚያ በላይ አንድ ነገር ይያዝ። ከኢሻ በኋላ ዊትር ይሁን፣ በቀን አንድ ገጽ ቁርአን ይሁን፣ በወር ሦስት ቀን ጾም ይሁን። ትንሽ ነው ብሎ የሚንቀው ሰው ካለ የዐብደላህ ኢብኑ ዐምርን (ረ.ዐ.) ታሪክ ያንብብ። በወጣትነታቸው ቀኑን ሁሉ ይጾሙ፣ ሌሊቱን ሁሉ ይቆሙ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በወር ሦስት ቀን እንዲጾሙ መከሯቸው፤ እሳቸው ከዚያ በላይ እችላለሁ እያሉ እስከ ዳዉድ (ዐ.ሰ.) ጾም፣ አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን እስከ ማፍጠር ደረሱ። ሸምግለው ጉልበታቸው ሲደክም ያንን ማቅለያ ምነው በተቀበልኩ ይሉ ነበር። ጾሙን ግን አልተዉትም። ለመበርታት ሲሉ የተወሰኑ ቀናት ያፈጥራሉ፤ ያፈጠሩትንም ቀን ይቆጥራሉ፤ ከዚያም ያንኑ ያህል ቀን ይጾማሉ። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲለዩ ይዘውት የነበረውን ሥራ መተው አልወደዱም ነበርና።

ወላሁ አዕለም።