ከሰባ ሁለት ሰዓት በኋላ

ሰውን ያለ ፈቃዱ ማከም ተገቢ ነውን? ይህ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ በስደት ላይ ላለን ሰዎች ከመጽሐፍ ወርዶ ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጧል። ልጁ ወይም ወንድሙ በአእምሮ ሕመም የተያዘበት የሎስ አንጀለስ ኢትዮጵያዊ በሁለት ሥርዓቶች መካከል ቆሟል። በአገር ቤት ታማሚውን ቢያስረው «ለምን አሰርከው?» ብሎ የሚጠይቀው እምብዛም አልነበረም፤ እዚህ «ያዙልኝ» ብሎ ሲማጸን «ሕጉ አይፈቅድም» ይባላል። እኔ ከምኖርበት ከኖርዝ ሆሊውድ እስከ ፌርፋክስ ጎዳና ድረስ ስለዚህ ነገር የምንነጋገረው በሹክሹክታ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና ላይ፣ የሰው ስም ሳይነሣ። ነገር ግን የሰው ነፃነትና የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነውና በአደባባይ ሊመረመር ይገባዋል።

አስቀድመን ሕጉን እንይ። በካሊፎርኒያ የግዴታ ሕክምና መሠረቱ ላንተርማን-ፔትሪስ-ሾርት የሚባለው ሕግ ነው። ስሙን ያገኘው ካቀረቡት ሦስት የምክር ቤት አባላት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1967 አገረ ገዥው ሮናልድ ሬገን ፈርመውበት በ1969 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ሰው በጥቂት ደቂቃ ችሎት ላልተወሰነ ዘመን ይዘጋበት ነበር፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ የግዛቲቱ የአእምሮ ሆስፒታሎች ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ይዘው ነበር። አዲሱ ሕግ የሆስፒታሉን ቁልፍ ከሰዓት ጋር አሰረው። በቁጥር 5150 መሠረት ፖሊስ ወይም ሥልጣን የተሰጠው ባለሙያ፣ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ራሱን ወይም ሌላውን ለአደጋ የሚያጋልጥን፣ አለዚያም ለምግቡ፣ ለልብሱና ለመጠለያው መሆን ያቃተውን ሰው እስከ 72 ሰዓት ሊያቆየው ይችላል። ከዚያ በላይ እስከ 14 ቀን ለማቆየት አዲስ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ማረጋገጫው በተሰጠ በአራት ቀን ውስጥም የታማሚው ጉዳይ በገለልተኛ ሰው ፊት ይሰማል። እስከ አንድ ዓመት የሚዘልቅ ሞግዚትነት ሲጠየቅ ደግሞ፣ በወንጀል ችሎት እንደሚደረገው፣ ማስረጃው ከጥርጣሬ በላይ መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። ፍሎሪዳ ውስጥ ኬኔዝ ዶናልድሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ አእምሮ ሆስፒታል የገባው የገዛ አባቱ ባቀረበው ማመልከቻ ነበር። ማንንም ሳይጎዳ ወደ 15 ዓመት ያህል ተዘግቶበት ኖረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 በሰጠው ውሳኔ፣ አደገኛ ያልሆነና በራሱ ወይም ፈቃደኛ በሆኑ ዘመዶቹና ወዳጆቹ እርዳታ በነፃነት መኖር የሚችልን ሰው መንግሥት እንዲሁ ሊዘጋበት እንደማይችል ደነገገ። «የወለደ አይጨክንም» የምንል ሰዎች ይህን ታሪክ ልናስታውሰው ይገባል። ፍቅር ብቻውን ለቁልፍ ጠባቂነት አይበቃም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 342 አንድ አስገራሚ ነገር ይናገራል። ነዋሪዎቹ ከ2,000 በሚያንሱበት የገጠር አካባቢ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት የሚጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክሉት ሰው እብደቱ በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል ይላል። የድንጋጌው ዓላማ ሰውየው የፈጸመው ውል ይጸናል ወይስ ይፈርሳል የሚለውን ለመወሰን ነው፤ ማሰርን ለመፍቀድ የተጻፈ አይደለም። ሆኖም ውስጡ ያለው አስተሳሰብ ሊሰወርብን አይገባም። የዘመድ ገመድ ራሱ የሕመሙ ማስረጃ ሆኗል፤ ገመዱ መቼ እንደሚፈታ የሚጠይቅ ግን የለም።

ይህን ስል በገጠር ያለውን ቤተሰብ ለመኮነን አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ለመላ አገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ከሩቅ አገር ታማሚ ይዞ ለመምጣት በሬ መሸጥ የሚያስፈልገው ገበሬ ሐኪም ሳያገኝ ሰንሰለት ቢያነሣ፣ ጭካኔው የእርሱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ደግሞም ያሰረችው እናት አጠገቡ ታድራለች፤ ታጎርሰዋለች፤ እንጦጦ ማርያም ፀበል ይዛው ትወጣለች። እዚያ አብሮ የሚቆይ ሰው አለ፣ ሰዓት የለም። እዚህ ሰዓቱ አለ፤ ከሰዓቱ በኋላ አብሮ የሚቆየው ማን እንደሆነ ግን ሕጉ በቅጡ አልተናገረም።

የካሊፎርኒያ ሕግ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ለ14 ቀን ስለማቆየት በሚደነግገው ቁጥር 5250 ውስጥ፣ ምግብና መጠለያ ሊሰጡት ፈቃደኛ የሆኑና የሚችሉ ዘመዶች ያሉት ሰው፣ በእነርሱ እርዳታ በደኅና መኖር ከቻለ፣ ራሱን መርዳት እንደተሳነው አይቆጠርም የሚል ቃል አለ። የዘመዶቹ ፈቃደኝነት በጽሑፍ መገለጽ አለበት። የሐረጉ መንፈስ ከዶናልድሰን ውሳኔ ጋር አንድ ነው፤ ሰውን ከሆስፒታል ግንብ ለማዳን የታሰበ ነው። ነገር ግን ልጇን ጎዳና ላይ ማየት የማትችለውን እናት አስቡ። «ቤትሽ ይገባል?» ሲሏት እንዴት «አይገባም» ትላለች? ትፈርማለች። በዚያች ፊርማ ልጁ በሕግ ዓይን መጠለያ ያለው ሰው ሆነ፤ ሆስፒታሉም ሊያቆየው የሚችልበት አንዱ ምክንያት ወደቀ። ያላት ሌላ ምርጫ ልጇን አልቀበልም ብሎ መጻፍ ነው። እንጀራዋን የማትነፍግ እናት እርዳታ የምታጣበት፣ በሯን የዘጋች ግን የምታገኝበት ሕግ፣ ዓላማው ቅን ቢሆንም ከሥነ ምግባር አንጻር ጉድለት አለበት።

«እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን» የሚለውን ተረት ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ እሰማለሁ። ተረቱ ጨካኝ ነው፤ የታማሚውን ቃል ለዘለዓለም ውድቅ ያደርጋልና። ሕጉ በበኩሉ አንዳንድ ጊዜ የእኩለ ቀኑን ጭምትነት እንደ ፈውስ ይወስዳል። በዚህ ላይ የቋንቋ ችግር ይጨመራል። በአማርኛ የታመመ ሰው በእንግሊዝኛ ይመረመራል። «መልአክ ተናገረኝ» ማለት ለባዕድ ሐኪም ወዲያው የሕመም ምልክት ሊመስለው ይችላል፤ ለእኛ ደግሞ እውነተኛው የሕመም ምልክት የዛር ወይም የቡዳ ነገር ሊመስለን ይችላል። ስለዚህ የሠለጠነ አስተርጓሚ የሌለበት ምርመራ፣ ቅጹ ቢሟላም፣ ፍትሕ አለበት ለማለት እቸገራለሁ። የታማሚው ወንድም ደግሞ የባለጉዳይ ወገን ነውና አስተርጓሚ ሊሆን አይገባም።

ሕግ አውጪዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ2022 የጸደቀው ኬር ኮርት የሚባለው ሥርዓት፣ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ፣ ስኪዞፍሬኒያና ተመሳሳይ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ቤተሰብ ራሱ ለፍርድ ቤት አቤት እንዲል ፈቅዷል፤ በኃይል መድኃኒት መስጠትን ግን አይፈቅድም። በ2023 የተፈረመውና ሁሉም ካውንቲዎች እስከ ጥር 2026 ድረስ እንዲፈጽሙት የታዘዘው ሌላ ሕግ ደግሞ የግዴታ ሕክምናን በር አስፍቶታል። ከምግብና ከመጠለያ ሌላ፣ ለግል ደኅንነቱ ወይም ለአስፈላጊ ሕክምናው መሆን የተሳነው ሰው፣ እንዲሁም በከባድ የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ምክንያት እዚህ ደረጃ የደረሰው፣ ሊያዝ ይችላል።

የነፃነት ተሟጋቾች «በሩ ሰፋ» ብለው ይፈራሉ፤ ቤተሰቦች «ዘገየ» ብለው ያማርራሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ክርክሩ ሁሉ ግን በሩ ላይ ቆሞ ቀርቷል። በእኔ እምነት የግዴታ ሕክምና ሕግ መመዘን ያለበት በአራተኛው ቀን ነው። ሰባ ሁለቱ ሰዓት ሲያልቅ ሰውየው የት ያድራል? ማን ይከታተለዋል? የሎስ አንጀለስ ካውንቲ እስር ቤቶች ከአሜሪካ ትላልቅ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች መካከል ሲቆጠሩ ኖረዋል፤ ይህም ለአራተኛው ቀን አልጋና ቤት ያላዘጋጀ መንግሥት ምን እንደሚገጥመው ያሳያል።

ከሰው ነፃነቱን የሚወስድ ሁሉ ዕዳ ገብቷል፤ ዕዳውም የሚከፈለው በሕክምና፣ በመጠለያና ሰውን ባለመተው ነው። ዕዳውን ለመክፈል ያላሰበ ኃይል፣ በሐኪም እጅም ይሁን በእናት እጅ፣ ማሰር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከመንግሥት አልጋ፣ ቤትና አስተርጓሚ እንጠይቅ፤ ቤተሰብን ሲያስፈርሙም የፊርማውን ትርጉም በቋንቋው እንዲያስረዱት እንጠይቅ። ከራሳችንም የምንጠይቀው አለ። ካሊፎርኒያ ሰው አእምሮው በረጋበት ጊዜ ስለ ወደፊት ሕክምናው ፈቃዱን በጽሑፍ እንዲተው ትፈቅዳለች። ያ ወረቀት በግዴታ ከመያዝ ባያድንም፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚጎዳው፣ ማን እንዲጠራለት እንደሚፈልግ ይናገርለታል። ስለ ታማሚው ከጀርባው ስንንሾካሾክ ከምንኖር፣ በደኅናው ቀን አጠገቡ ተቀምጠን እርሱን ራሱን እንጠይቀው።