የበጎ ፈቃድ ወሰን

ከባሕር ማዶ እየመጡ ሕፃናትን በነጻ የሚያክሙ ቡድኖች ሲመሰገኑ ዘወትር የሚጠቀሰው በቆይታቸው የሠሩት የኦፕራሲዮን ብዛት ነው። በዚህ ቆጠራ ቀዶ ሐኪሙ ይታያል፤ አብሮት የሚመጣው የሕፃናት ሐኪም ግን ብዙም አይነሳም። የእሱ ሥራ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ነው። ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደን ሕፃን ይመዝናል፣ ደሙን ያስመረምራል፣ ሳንባውን ያዳምጣል። በሙያው የቆየ መለኪያ አለ፦ ሕፃኑ 10 ሳምንት ይሙላው፣ 4.5 ኪሎ ያህል ይመዝን፣ ሄሞግሎቢኑ 10 ይድረስ። ከዚህ ካነሰ፣ ወይም ጉንፋን ከያዘው፣ ማደንዘዣው ለአደጋ ስለሚያጋልጠው ሐኪሙ «ዛሬ አይሆንም» ይላል። ያለ ክፍያ የመጣ ሰው ይህን ካለ በኋላ ምን ዕዳ አለበት?

ከሰሜን ወሎ፣ ከሀብሩ ወረዳ ገጠር ወጥታ፣ መርሳ ላይ መኪና ተሳፍራ፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አዲስ አበባ የገባች እናትን እናስብ። መልሷ «ታዲያ መቼ?» ነው። ቡድኑ በቀናት ውስጥ ይመለሳል፤ ልጇ ግን ኪሎ የሚጨምረው በወራት ነው። የእኔ መከራከሪያ እዚህ ላይ ይቆማል፦ መምጣት በጎ ፈቃድ ነው፣ የቀረም አይወቀስም፤ ሕፃኑን ከተቀበሉ በኋላ ያለው ግን ግዴታ ነው። እናቲቱ በዚያ ተስፋ ጥሪቷን አውጥታለች፣ ሌላ አማራጭ መፈለጓን ትታለች። ሰውነቱ የተከፈተ ልጅ ደግሞ ወደነበረበት አይመለስም። ስጦታው በነጻ መሆኑ ይህን ኃላፊነት አያነሳም።

የልብ ቀዶ ሕክምና ነገሩን ያጎላዋል። በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቭን እስከማበላሸት ይደርሳል። የብረት ቫልቭ የተገጠመለት ልጅ ዕድሜ ልኩን የደም ማቅጠኛ ይወስዳል፣ ደሙ በየጊዜው ይለካል፣ በሽታው እንዳያገረሽ ለዓመታት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን ይወጋል። ቫልቩን መግጠም የሰዓታት ሥራ ነው፤ ልጁን በሕይወት ማቆየት ግን የዓመታት፣ ያውም የመርሳና የወልዲያ ነርሶች፣ ላቦራቶሪዎችና መድኃኒት ቤቶች ሥራ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ሳሉ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። መርፌው ሲቋረጥ እጅግ የተዋጣለት ቀዶ ሕክምናም ዋስትናውን ያጣል።

«ልጁ እየሞተ ሥርዓት እስኪገነባ ይጠብቅ?» የሚል ይኖራል። አይጠብቅ፤ ክርክሬ መምጣትን አይቃወምም። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ግዴታው ይህን ያህል ከከበደ ማን ይመጣል? ባልና ሚስቱ ሐኪሞች ሬጅናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 መጥተው ዕድሜያቸውን እዚሁ ለፊስቱላ ታካሚዎች ሰጥተዋል፤ ከሁሉም ሰው ይህ አይጠበቅም። ግዴታን መወጣት ግን የግድ እዚሁ መኖርን አይጠይቅም፤ ማስረከብም መወጣት ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ተቋቋመ፤ የልብ ሕክምና ማዕከሉም እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ ተከፈተ። ማዕከሉ መጀመሪያ በአብዛኛው ለአጭር ጊዜ በሚመጡ የውጭ ቡድኖች ይሠራ ነበር፤ በሂደት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ቢላውን ተረከቡ። ተራ የሚጠብቀው ሕፃን ዛሬም ብዙ ነው፤ የጎብኚዎቹ ድካም ግን ከእነሱ ጋር ተሳፍሮ አልሄደም።

«የአገሩ ሐኪምስ ይሰደድ የለም?» ቢባል እውነት ነው። ርክክቡ ከሰው ለሰው ሳይሆን ለተቋም መሆን ያለበትም ለዚህ ነው፦ የታካሚው ካርድ፣ መድኃኒቱ፣ የክትትሉ ኃላፊነት በጽሑፍ ይተላለፍ። ዕዳው እንግዳው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ተረካቢ ሳይመድብ ቡድን የሚጋብዝ ሆስፒታልም ሆነ ጤና ቢሮ ይጋራዋል። እኛ ይህን የማንጠይቀው በይሉኝታ ነው፤ በነጻ የሰጠን ሰው መጠየቅ ውለታ ቢስነት ይመስለናል። ሆኖም ይሉኝታችን የሚያስከፍለው እኛን ሳይሆን ልጁን ነው፤ እሱ ደግሞ ራሱ ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ አመስግነን ስናበቃ ስለ እሱ ቀጠሮና ተረካቢ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።