የሚመለስ አባትና የልጅ ፈቃድ

ከማረሚያ ቤት የወጣ አባት ወደ ቤቱ ሲመለስ ምንጫቸው የተለያየ ይቅርታዎች ያስፈልጉታል፤ አንዱን የሰጠ ወገን ሌላውን ሊሰጥለት አይችልም። በኢትዮጵያ በአዲስ ዓመት ዋዜማ መታወጁ የተለመደው የመንግሥት ይቅርታ ቅጣቱን ቢያስቀርም የጥፋተኝነት ፍርዱን አይሽርም፤ ኑዛዜ ሰምቶ ቀኖና፣ ማለትም በጾም፣ በስግደትና በምጽዋት የሚፈጸም የንስሐ ሥርዓት፣ የሚያዝዘው የንስሐ አባትም ከኃጢአት እስራት ይፈታዋል እንጂ በልጁ ፈንታ ይቅር ሊለው ሥልጣን የለውም።

አባትን አክብር የሚለው ትእዛዝ ይህን ክፍተት የሚደፍን የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሰባክያንም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የሚገኘውን የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ማንሳት ይቀናቸዋል፤ ነገር ግን በምሳሌው ተቀባዩ ቤት፣ ልብስ፣ ቀለበትና የሰባ ፍሪዳ ያለው አባት ሲሆን፣ እዚህ እንዲቀበል የሚጠየቀው እናቱ ስንቅ ስታመላልስ እያየ ያደገ፣ ምናልባትም በሰፈር ልጆች የእስረኛ ልጅ እየተባለ የተሰደበ ሕፃን ስለሆነ፣ የባለጸጋውን ድርሻ በእርሱ ላይ መጫን ምሳሌውን ገልብጦ ማንበብ ነው።

ለጉዳዩ ይበልጥ የሚቀርበው ጳውሎስ ራሱ ታስሮ ሳለ ለፊልሞና የጻፈው፣ 25 ቁጥሮች ብቻ ያሉት መልእክት ነው። ሐዋርያው ከፊልሞና ቤት የተለየውን ባሪያ አናሲሞስን መልሶ ሲልክ፣ ዕዳ ካለበት በራሱ ላይ እንዲቆጠር በገዛ እጁ ጽፎ ዋስ ይሆናል፤ ማዘዝ የሚችል ሆኖ ሳለም በጎነቱ በግድ እንዳይሆን የተቀባዩን ፈቃድ ይጠብቃል።

በዚህ መሠረት የንስሐ አባት፣ የአገር ሽማግሌና የዕድር ዳኛ ሥራ ልጁን ማግባባት ሳይሆን ለአባቱ ዋስ መሆን ነው፤ ይኸውም ሥራ ሲፈልግ ስለ እርሱ መመስከር፣ የቤት ኪራዩን መጋራት፣ ልጁ ዝም የሚልበትን ጊዜ ሁሉ አባቱ እንዲታገሥ ማጽናት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመዶችና የሃይማኖት አማካሪ እስረኛን እንዲጎበኙ መፍቀዱ፣ ይህ ሥራ ከመፈታቱ በፊት እንዲጀመር በር ይከፍታል። ጥፋቱ የተፈጸመው በሚስቱ ወይም በልጁ ላይ ሲሆን ግን ዋሱ አስቀድሞ መቆም ያለበት ለእነርሱ ነው፤ አባቱ ከቤቱ ርቆ ቀለብ እየቆረጠላቸው እንዲኖር ካህኑ ርቀቱን ራሱን የቀኖናው ክፍል አድርጎ ሊያዝዝ ይገባል።