ልጃችን ስንተኛ ወጣ ወይስ ማንበብ ቻለ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ የማነሳው የሌላውን ሳይሆን የራሴን ጥፋት ነው። በ2015 ዓ.ም. ልጄን እዚህ ደብረ ማርቆስ በአንድ የግል ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አስገባሁት። ስድስት ዓመቱ ነበር። ከዐስር በኋላ መድረሳ ይሄዳል፤ ከመግሪብ በኋላ የአማርኛ፣ የእንግሊዝኛና የሒሳብ የቤት ሥራ ይጠብቀዋል። ብዙ ጊዜ ደብተሩ ላይ እንደተደፋ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። እቀሰቅሰዋለሁ። ሁለት ጊዜም መትቼዋለሁ፤ አላህ ይማረኝ። ጥር ላይ ከክፍሉ ሦስተኛ መውጣቱን ካርዱ ሲነግረኝ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየሁ።

በዚያው ወር የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሆነ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ነገሩ ቢያሳስበኝ ልጄን «እስኪ አንብብልኝ» አልኩት። ገጹን አንበለበለው። ሥዕሉን በመዳፌ ሸፍኜ ከመሐል አንዲት ቃል ባሳየው ዝም አለ። ለካ ገጹን በቃሉ ይዞት ኖሯል እንጂ ፊደሉን አይለይም!

ይህ የእኔ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር።

ወገኖቼ፣ ትምህርት ከሥሩ ይጥበቅ የሚሉትን ወላጆች እኔም እደግፋለሁ። የምንለያየው በምኑ ይጥበቅ በሚለው ላይ ነው። እኔ በልጅነቴ የቀራሁበት ቁርኣን ቤት ሸኻችን በሎሕ ላይ የጻፉልንን በትክክል ሳንቀራ ሎሑን አያሳጥቡንም ነበር። ተራ በቃል መያዛችንን ሲጠረጥሩ ከታች ወደ ላይ ያስነብቡናል። አንዱ አሊፍ ላይ፣ ሌላው አጫጭር ሱራዎች ላይ ሆኖ አብረን እንቀመጥ ነበር፤ ስንተኛ ወጣህ የሚባል ነገር አናውቅም። የጎጃም ጎረቤቶቻችንም ከየኔታ ዘንድ በስንጥር አንድ በአንድ እየነኩ ነው ፊደል የሚቆጥሩት። (የሸኻችንን አለንጋ ግን አልናፍቅም።)

መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ልጆቻችንን በሶላት እንድናዝ ያስተማሩን ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ነው። ከሶላት የሚበልጥ ምን ግዴታ አለና ነው እኛ በአምስትና በስድስት ዓመታቸው የምናጨናንቃቸው? እርሳቸው በሱጁድ ላይ ሳሉ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ቢወጣ፣ ልጁን ላለማስቸኮል ሱጁዱን አስረዝመዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ቢሆን የአንደኛ ክፍል መነሻ ያደረገው ሰባት ዓመትን ነው።

መምህራኑን ብቻ መውቀስም አይገባም። የመጽሐፍ ብዛትና የእንግሊዝኛ ጋጋታ እያየን ትምህርት ቤት የምንመርጠው እኛ ነን። የመድረሳ ኮሚቴዎቻችንም ከቀን ትምህርት ደክሞ የመጣን ሕፃን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያስቀምጡ ቢመክሩበት መልካም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በቀጠለው ጦርነት የስንቱ የገጠር ትምህርት ቤት በር ተዘግቷል፤ ፊደል የሚቆጥሩበት ያጡ የዘመድ ልጆች እያሉ እኛ ያገኘነውን በከንቱ ማባከናችን ያስጠይቀናል።

የልጄን ነገር ልጨርስ። የካቲት ላይ ከአንደኛ ክፍል አውጥቼ ወደ ኦ ክላስ መለስኩት። እናቱ አለቀሰች፤ ጎረቤት «ወደቀ እንዴ?» አለ። ልጁም «አባዬ፣ ሦስተኛ ወጥቼ የለ? ለምን ወደቅኩ?» ብሎ ጠየቀኝ። የወደቅኩት እኔ መሆኔን ነገርኩት። አልገባውም። ሰኔ ላይ ግን ወደ ገበያ ይዤው ስወጣ የሱቆቹን ማስታወቂያ አንድ በአንድ ካላነበብኩ ብሎ መንገድ ላይ አቆመኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።